አባቴ ያስተካከለው ጫማ

በሳምንት ቢያንስ አንድ አባት ጫማውን አገላብጦ ያይና «እህት፣ ይሄ ነገር የተሳሳተ አይመስልሽም?» ይለኛል። ሁለት የሕፃን ጫማዎች በአንድ የብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ በብሎን ታስረዋል። አፍንጫቸው ወደ ውጭ ዞሯል፤ የታመመው እግር ጫማ ደግሞ ከጤነኛው ይበልጥ ዞሯል። አባትየው ይሄን ሲያይ ያመዋል። በሐርጌሳ ስለ እግር የማያውቅ አባት እስካሁን አላጋጠመኝም። ባጃጅ የሚነዳው ያውቃል፣ ሞባይል የሚጠግነው ያውቃል፣ ከቀትር በኋላ ጫቱን ይዞ የሚጋደመውማ ከሁሉም የበለጠ ያውቃል። የማላውቀው ተምሬ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰምቼ ስጨርስ «ብሎኑን የሚነካ ሰው ልጁን ይዞ ሌላ ክሊኒክ ይፈልግ» እላለሁ። አለቃዬ «ራሄል፣ አነጋገርሽን አለስልሺ» ብሎ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፎልኛል። ደብዳቤዎቹን መሳቢያ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ።

በስምንት ዓመቴ ግን እንዲህ ያለውን ሰው አመልከው ነበር። ኮድቡር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር፣ ሆዶ የምትባል ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ ፈይሳ ከበርበራ ወደብ እስከ ቶጎ ውጫሌ ድንበር ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ይነዳል፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ለሁለት ቀን ብቅ ይላል። ሲመጣ ቴምርና የጣሳ ጭማቂ አያጣም። ናፍጣ የሚሸት ሰው ሁሉ ለእኔ ደግ ነበር። በር ላይ ተቀምጦ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይሰበስብና ሁለቱን ባቶቹን ያሳየኛል። የግራው ከቀኙ ይወፍራል። «ሃያ ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠ እግር ይሄን ይመስላል» ይለኛል። «ሥጋም አጥንትም ሥራቸውን ይመስላሉ፣ ኢንተላ ኮ።» ኢንተላ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ይሄን ዕውቀት በገዛ ባቱ ተሸክሞ እየዞረ፣ የልጁ እግር ላይ ሲደርስ የት እንደጣለው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

እናቴ ደብሪቱ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሌላ የሐርጌሳ ሰፈር ውስጥ ሐበሾች የሚመገቡበት ቤት ታበስል ነበር። ጠዋት በአንድ ሰዓት ወጥታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ትገባለች። ከዚያ ዘመኗ የማስታውሰው የሽንኩርት ሽታና ትእዛዝ ነው። ውኃ ቅጂ፣ በሩን ዝጊ፣ ከልጁ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ። አባቴ ያጫውተኛል፣ እናቴ ታዘኛለች። ከሁለቱ ደጉ ማን እንደሆነ ለመወሰን ብዙ አላሰብኩም።

ወንድሜ ፍሬሰንበት ሲወለድ ግራ እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ውስጥ እግሩ ሌላኛውን እግር ያይ ነበር። ምክንያቱን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። አንዷ እርጉዝ ሆና በግርዶሽ ወጥታ ነው አለች፤ ሌላዋ እግሯን አጣምራ ስለምትቀመጥ ነው አለች። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ፊት የምትቆም ሴት መቼ ተቀምጣ መቼ እንደምታጣምር የጠየቀ የለም። አባቴ በበኩሉ ጅግጅጋ ከተማ የሚያውቀው ወጌሻ እንዳለ፣ አንዴ ጎትቶ ቀጭ ሲያደርገው ነገሩ እንደሚያልቅ ተናገረ። ወጌሻውን ሳላየው ወደድኩት። እናቴ ግን ሆዶ የነገረቻትን ሰማች፤ የሆዶ የእህት ልጅ እንዲሁ ሆኖ ተወልዶ ክሊኒክ ድኖ ነበር። ፍሬን በአሥራ ሁለተኛ ቀኑ ታቅፋ ሄደች፤ እኔም የልብሱን ከረጢት ይዤ ተከተልኳት። አባቴ አንድም ቀን እዚያ ክሊኒክ አልደረሰም።

ክሊኒኩ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ውስጥ ነበር። ጀሶ የሚያስረው ሰው ዓብዲረዛቅ ይባላል፤ የዚህ አገር ሰው ቢሆንም ያደገው ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛው ከእኛ አያንስም። ክንዱ ቀጭን ነው። ገና ሳየው ተስፋ ቆረጥኩ። የወንድሜን እግር ይይዝና አውራ ጣቱን ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ አንድ ቦታ ላይ ያሳርፋል፤ በሌላው እጁ የእግሩን ጫፍ ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ ይይዛል። አይጎትትም፣ አያንቋቋም፣ አያልበውም። እንደዚያ ይዞት ትንሽ ይቆይና እስከ ጭኑ ድረስ በጥጥና በእርጥብ ጀሶ ይጠቀልለዋል። ይሄን ለመሥራትማ እኔም እበቃለሁ አልኩ በሆዴ።

እናቴም ሳይከነክናት አልቀረም። «ጠንከር ተደርጎ ቢገፋ አይፈጥንም ወይ?» አለችው።

«ይጎዳል እንጂ አይፈጥንም፣ እህቴ» አለ ዓብዲረዛቅ፣ ጀሶውን በመዳፉ እያለሰለሰ። «የሱ አጥንት ገና አልጠነከረም፣ ለጋ ነው። ለጋ አጥንት ላይ አንዴ ብትታገይው አይሰማሽም። ትንሽ ገፍተሽ ሳምንት ሙሉ ከያዝሽው ግን፣ ዎላሂ፣ ባስያዝሽው በኩል ያድጋል። ሳይደርቅ በርጥቡ ትሉ የለ? እንደሱ ነው።»

በየሳምንቱ ጀሶው ይለወጣል። በቀጠሮው ጠዋት እናቴ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ኮምጣጤ ጨምራ እግሩን ትዘፈዝፍና ጀሶውን ጥቅል በጥቅል ትፈታለች። ፍሬ ይጮኻል። እሷ መፍታቷን ትቀጥላለች። ሰው እንዴት እንዲህ ጨካኝ ይሆናል እያልኩ ከበሩ ሥር አያት ነበር። ዛሬ የእናቶችን እጅ ይዤ አፈታቱን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ልጇ ሲጮኽ እጇ የማይንቀጠቀጥ እናት አላየሁም። የእናቴም እጅ ተንቀጥቅጦ ይሆናል፤ እኔ የማየው ፊቷን ነበር።

ሰባት ጀሶ ሄደ። በመጨረሻው ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት በትንሹ በጥተው ለሦስት ሳምንት አሰሩለት። ያ ሲፈታ የፍሬ እግር እንደማንኛውም እግር ቀጥ ብሎ ወጣ። ዓብዲረዛቅ «ማሻአላህ» ብሎ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ እግሩን በመዳፏ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ የደከማት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ጫማው መጣ። ዓብዲረዛቅ ጫማውን ሲሰጣት ጣቱን አንሥቶ ነው የተናገረው። ሦስት ወር ሙሉ፣ ለገላ ማጠቢያ ካልሆነ በቀር አይወልቅም። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት እስኪሞላው በእንቅልፉ ሁሉ ያደርገዋል። «ጀሶው አመጣው እንጂ አላጸናውም» አላት። «እግሩ የመጣበትን መንገድ አይረሳም። ካልያዛችሁት ይመለሳል።»

ፍሬ ሁለት ቀን አለቀሰ። እናቴ አንድም ጊዜ አላወለቀችለትም። በሦስተኛው ቀን እሷ ሥራ ከሄደች በኋላ አባቴ ከበርበራ መጣ። ልጁን አቀፈ፣ ሳመው፣ ከዚያ ጫማውን አየ። አልጋው ላይ አጋደመውና በእጁና በጉልበቱ በርከክ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከፊት ለፊት ተመለከተው። የመኪናውን የፊት ጎማዎች እንደዚያ ሲያይ አውቀዋለሁ።

«ይሄማ አላይመንቱ ጠፍቷል» አለ። «ሁለቱም ወደ ውጭ ከፍተዋል። እንዲህ የከፈተ ጎማ ውጫሌ ሳይደርስ አንድ ወገኑ ተበልቶ ያልቃል። ምን ዓይነት ሰው ነው የገጠመው?»

«ዓብዲረዛቅ ነው» አልኩ። «ክንዱ ቀጭን ነው።»

«ይታያል» አለ አባቴ።

ከመኪናው የመፍቻ ከረጢቱን አመጣ። አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን ቁልፍ አወጣና መጀመሪያ በሚስማር ጫፍ ብሎኑ የነበረበትን ቦታ ዘንጉ ላይ ጫር አደረገ። ቀጥሎ አላላው፤ ሁለቱንም ጫማዎች ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት እንዲያዩ መልሶ አጠበቃቸው። አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። ሲያለቅስ የነበረው ፍሬ ዝም አለ። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አየሽ? የታመመው እግሩ አይደለም፣ ጫማው ነው» አለኝ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ሕፃን ጫማውን በሦስተኛው ቀን ይለምደዋል። ይሄ በየዕለቱ ለወላጆች የምናገረው ነገር ነው። ሁለት ቀን ያለቅሳል፣ በሦስተኛው ይተዋል። አባቴ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነበር። አንድ ቀን ቀድሞ መጥቶ ቢሆን፣ ጫማውን ቢያስተካክለውም ልጁ ማልቀሱን ይቀጥል ነበር፤ አባቴም ምናልባት መፍቻውን ወደ ከረጢቱ ይመልስ ነበር። ወይም አይመልስም። እሱን የሚያህል ባለሙያ በገዛ ስህተቱ አይደናገጥም።

«እናትሽ የሐኪም ቃል ትፈራለች» አለኝ ከዚያ። «ከነገርሻት ትጨነቃለች። ስለዚህ እንዲህ እናደርጋለን። ጠዋት እሷ ስትወጣ እንዳሳየሁሽ ታስተካክዪዋለሽ፤ ማታ ሳትገባ ወደ ጭረቱ ትመልሺዋለሽ። ትችያለሽ?»

በዚያ ዓመት ወንድሜን ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ነበር። አንድ ሰው ትችያለሽ ብሎ ከጠየቀኝ ወራት አልፈው ነበር። ትቶልኝ የሄደውን የብሎን ቁልፍ ከፍራሼ ሥር ደበቅሁት። ጠዋት እናቴ ከግቢው በር ስትወጣ እቆጥራለሁ፣ እስከ መቶ፤ ከዚያ ብሎኑን አላላለሁ። ማታ ከቤቱ ጀርባ የመስጊዱ የመግሪብ አዛን ሊሰማ ሲል እመልሳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ከአባቴ እፈጥን ነበር። የእጄን ጥቁር ቅባት በሳሙና ሳጥበው ከጥፍሬ ሥር አይለቅም፤ ያም ያኮራኝ ነበር። እንደ እናቴ ሽንኩርት ሽንኩርት የማልሸት፣ እንደ አባቴ ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ አልኩ።

ብረትም እንደ አጥንት ነው፤ በየቀኑ የሚደረግበትን አይረሳም። በቀን ሁለቴ የሚላላና የሚጠብቅ ብሎን ጥርሱ ይበላል። በሁለተኛው ወር ማታ ማታም ፍሬ ሲራገጥ ጫማው በራሱ እየዞረ ቀጥ ማለት ጀመረ። እናቴ ይሄን አይታ «ይሄ ነገር ላላ» ብላ በጨርቅ አሰረችው። ለአባቴም ነገረችው። አባቴ ሰምቶ «የቻይና ዕቃ ነው» አለ። የላላበትን ምክንያት ከእሷ በቀር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ፍሬን አልቆጥረውም።

በሦስተኛው ወር ቀጠሮ ዓብዲረዛቅ እግሩን ያዘና እንደ ድሮው ወደ ውጭ ገፋ አደረገው። አልሄደለትም። ተረከዙን ጫን አለ። ተረከዙ ወደ ላይ ተስቦ ነበር። ቆይቶ ጫማውን አነሳና ብሎኑን በጣቱ ዳሰሰ፤ ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች አራት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«ጥርሱ ተበልቷል» አለ። «ይሄ በሕፃን እግር አይበላም፣ በቁልፍ ነው። እዚህም በሚስማር ተጭሯል። ማን ነው የነካው?»

እናቴ ብሎኑን አየች። ጭረቱን አየች። ከዚያ እጄን አየች፤ ጥፍሬን። ቁመቴ ገና አጭር ስለነበር ዓይኗ የወረደበትን ቦታ በደንብ አስታውሳለሁ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ?»

«አለቀሰብኝ። አሳዘነኝና አላላሁለት።»

ዓብዲረዛቅ ረጅም ሰዓት ተቆጣ። ሰባት ጀሶ የለፋበትን በሦስት ወር እንዳፈረሰችው፣ ከዚህ በኋላ ጀሶው እንደገና ከአንድ እንደሚጀመር፣ ያም ይሠራ አይሠራ እንደማይታወቅ፣ የልጅ ለቅሶ የማትችል እናት ልጇን አንካሳ እንደምታደርግ ነገራት። መጨረሻውን ሌሎቹም እንዲማሩበት በሶማሊኛ ደገመው። እናቴ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ያ ነው፤ ያውም አይጧ ዳዋው አጠገብ ቆማ እያየች።

እኔ ግን ምን ተሰማኝ? ተናደድኩ። ሥራዬን ነጠቀችኝ ብዬ ተናደድኩ። ቁልፍ ይዛ የማታውቅ ሴት፣ የትኛው ብሎን በየት እንደሚዞር የማታውቅ፣ «እኔ ነኝ» ትላለች። ለአባቴ እነግርባታለሁ አልኩ በሆዴ። ዓብዲረዛቅ የሚናገረው ስለ እግሩ መበላሸት እንደሆነ በጆሮዬ ሰምቼ በልቤ አላሳለፍኩትም። አባቴ ያስተካከለው ነገር ሊበላሽ አይችልማ።

በባጃጅ ስንመለስ እናቴ ፍሬን በአንድ ክንዷ አቅፋ፣ በሌላው እጄን ይዛ፣ በፀጉር መርፌዋ ጫፍ ከጥፍሮቼ ሥር ያለውን ቅባት አንድ በአንድ አወጣች። የተጸየፈችኝ መስሎኝ እጄን ልነጥቅ ሞከርኩ። አልለቀቀችኝም። ቤት ስንደርስ «የታለ?» አለችኝ። ቁልፉን አውጥቼ ሰጠኋት፤ ሽንት ቤት ጨመረችው። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር አንድም ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም።

አባቴ በሚቀጥለው ሲመጣ ሁለቱ ውጭ ቆመው አወሩ፤ ድምፃቸው አልተሰማኝም። በማግሥቱ ማለዳ ወደ በርበራ ሄደ። ከዚያ በኋላ ራሱ አንሥቶ ስለ እግር ተናግሮ አያውቅም። ወደ ዓብዲረዛቅ ሄዶ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ለማለት ከኮድቡር በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነበር። አሥር ደቂቃዋን አልነዳትም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ የእኔ እናት ባል ደግሞ ለጅቡ በቀስታ ጠቁሟታል። ፍሬ አድጎ «እግሬ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ አባቴ በእኔ ፊት፣ ጭንቅላቱን እየዳበሰው፣ «እናትህ አሳዘንካትና ጫማውን አላላችልህ፤ እናት አይደለች?» አለው። ያን ቀን አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ያን ቀን አባቴን ናቅሁት፤ እኔም ዝም አልኩ።

ፍሬ ጀሶው ተደገመለት፤ በአራት ዓመት ተኩል ደግሞ ቀዶ ሐኪም ጅማቱን ከአንዱ የእግሩ ጎን ወደ ሌላው አዛወረለት። ዛሬ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ግራ እግሩ ከቀኙ ያንሳል፣ ባቱም ቀጭን ነው፤ ያ ከእኛ አይደለም፣ እንዲህ ሆኖ የተወለደ እግር ቢድንም ትንሽ ያንሳል። የሚረግጠው በውጭ ጠርዙ መሆኑ ግን ከእኛ ነው። ባለፈው ወር እዚህ ክሊኒክ ራጅ አነሳሁት። ከትንሿ ጣት በላይ ያለችው ቀጭን አጥንት ሸክሙን ለብቻዋ ስለተሸከመች ወፍራለች፤ የቀኝ እግሩን አጥንት አንድ ተኩል እጥፍ ታህላለች። አጥንት የተጫነበትን ያህል ይወፍራል። ሥዕሉን ብርሃን ላይ አድርጌ አሳየሁት።

ፍሬ ፈገግ አለ። «የእማ ርኅራኄ ነዋ» አለ። ስለ እናታችን ሲናገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ አይጮኽም፣ ይወጋል። አባታችን ያን ከነገረው ወዲህ እግሩን ለእሷ አሳይቶ አያውቅም። ከእሷ ጋር ገበያ ሲሄድ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል፣ በዚያው እግሩ።

ነገርኩት። ስለ አላይመንቱ፣ ስለ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ፣ ስለ ጭረቱ፣ ስለ ጠዋትና ማታው ሁሉ።

«አባዬ?» አለ።

«አባዬና እኔ።»

«እማስ ታውቃለች?»

«ያኔውኑ አውቃለች።»

ካልሲውን አጠለቀና ጫማውን አሰረ። ማሰሪያው ላይ ቆየ። ከዚያ ወጣ።

አባቴ መንዳት ካቆመ ወዲህ ሞጆ እህቱ ቤት ነው የሚኖረው። እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ይደውላል። ለፍሬ ነው የሚደውለው፤ ስለ ኳስ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ለፍሬ ከነገርኩት በኋላ በመጣው እሁድ ሦስታችን እናቴ ቤት ምሳ ቀርበን ነበር። ፍሬ ትሪውን አልነካም። እናቴ እሱን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

«ነገርሽው?» አለችኝ።

«ነገርኩት።»

ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ አልዋሽም። ዕድሜዋን ሙሉ የተሸከመችውን ያወረድኩላት መስሎኝ ነበር።

«ማን ንገሪልኝ አለሽ?» አለች።

«እማ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ባልሠራሽው ነገር...»

«የሠራሁትንና ያልሠራሁትን እኔ አውቃለሁ።» ድምፅዋ አልጨመረም። «እኔን ተቀይሞኝም የሠራሁትን ይበላል፣ ቤቴ ያድራል። የትም አልሄድበትም። አባቱ ግን ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ነው። እሱን ከተቀየመው ምን ይተርፈዋል? አንቺ ሰው ንቀሽ መኖር ትችያለሽ፣ ለምደሽዋል። እሱ አይችልም። ያኔ እግሩን ወሰዳችሁበት፤ አሁን ደግሞ አባቱን ወሰድሽበት።»

እጄን ከትሪው ሰበሰብኩ።

ስልኩ ጠራ። ጠረጴዛው ላይ፣ በፍሬ እጅ አጠገብ ነበር፤ «አባዬ» የሚለው ጽሑፍ ለሦስታችንም ይታያል። ፍሬ አየው። እጁን አላንቀሳቀሰም። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው።

«ሃሎ፣ ፈይሳ። ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ደም ግፊቱ?» አዳመጠችው። ፍሬ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዓይኗን ያያል።

«ፍሬ ተኝቷል» አለችው። «ሲነሳ ይደውልልሃል።»